ከሰው በፊት የሚወርደው ጧፍ፦ የአቶ ቀጄላ ኮርሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቀጄላ ኮርሳ ከአባታቸው ከአቶ ኮርሳ ገዳ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ገላኔ ቱፋ በግንቦት ወር 1951 ዓ.ም. ላፍቶ ተወለዱ። ቦታው ያኔ የጤፍና የገብስ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ከለቡ የሚመጣው ሚኒባስ የሚዞርበት ነው። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ የተወለደው ሁለተኛው ልጅ እኔ፣ ይህን የጻፍኩት ለሊሳ ኮርሳ ነኝ።

ወደ ታሪካቸው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ከቀብር መልስ ማንም ሰው፣ ዘመድ ይሁን ጎረቤት፣ ከጓዳው ጀርባ ወዳለው ምድር ቤት እንዳይወርድ። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። የሟች ወንድ ልጅ ምሥጋና ትናንት፣ "አጎቴ፣ 'በድንገተኛ ሕመም አረፉ' ብለህ ጻፈው፤ ሰው ፊት ሌላ ሌላው ምን ያደርጋል?" ብሎኛል። ከሐዋሳ የመጣችው ሴት ልጃቸው ሀና ደግሞ፣ "የአባዬ የመጨረሻ ወይን ነው፤ ሳይበላሽ አንድ ሰው ወርዶ ያማስለው እንጂ" እያለች ነው። እኔ በሕመም ሞቱ ብዬ ከጻፍኩ እናንተ ትወርዳላችሁ። ስለዚህ እንደሆነው አድርጌ እጽፋለሁ። የሚያነብልኝም ሰው አንድ መስመር እንዳይዘል አደራ እላለሁ።

አቶ ቀጄላ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጎፋ በሚገኝ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታችን በዚያን ጊዜ የሁለት ልጅ ደብተርና ልብስ መቻል አቅቷቸው ነበር ይባላል። ከሆነም ይሁን። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ ከአባቴ ጋር እርሻ ያዝኩ። ጽሑፌ ላይ ስህተት የምታዩ ሰዎች ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በ1970 ዓ.ም. አቶ ቀጄላ ከከተማው የወይን ጠጅ ፋብሪካዎች በአንዱ ተቀጥረው በበርሜል ክፍል ሥራ ጀመሩ። ሥራውን ያስተማሯቸው የክፍሉ ፎርማን የነበሩት አቶ አምሐ ናቸው። ጋሽ አምሐ ወይን ከጣሊያኖች ጋር እየሠሩ የለመዱ፣ ቀናቸውን ሙሉ አሥር ቃል የማይናገሩ ሰው ነበሩ። የተናገሩት ግን አይረሳም። እኔ ራሴ በጆሮዬ ሰምቻቸዋለሁ፤ ለወንድሜ እንዲህ አሏቸው፦ "ልጄ፣ ወይን ሲፈላ ይተነፍሳል። እሱ ሲተነፍስ አንተ መተንፈሻ የለህም። ትንፋሹ አይታይህም፤ ከባድ ስለሆነ ወደ ላይ አይሄድም፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ውሃ ይተኛል። መጀመሪያ እሳት ስደድ። እሳቱ ከጠፋ አንተም ትጠፋለህ።"

በ1974 ዓ.ም. ጋሽ አምሐ ከአሮጌ የወይን ግንድ የተቆረጠ ሃያ አራት ቁራጭ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሰጧቸው። አቶ ቀጄላም ያን አምጥተው በአባታችን ግቢ ተከሉት። የተከሉበት መደብ ላይ የእኔ ጎመን ነበር። ሳይጠይቁኝ ነቅለው ጣሉት። ማታ ከእርሻ ስመጣ ጎመኑ አጥር ሥር ተከምሮ አገኘሁት። "ለምን?" ብላቸው፣ "ጎመን የትም ይበቅላል" አሉኝ። እውነት ነው፣ የትም ይበቅላል። ቢሆንም ይጠየቃል።

በጥር ወር 1977 ዓ.ም. የጋሽ አምሐን ልጅ ወ/ሮ ተናኘወርቅ አምሐን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሀናንና ምሥጋናን አፍርተዋል። አርባ ዓመት ስንኖር ባልና ሚስቱ ድምፅ ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። በዚህ ሐሰት አልጽፍም።

የወይን ተክሉም አብሮ ጨመረ። ሃያ አራቱ ስልሳ ሆነ። ከአባታችን ሰፊ መሬት ዛሬ የቀረው ይህ ግቢ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ፎቅ ከቦታል። በዚህ ግቢ መድኃኒት የሚባል ነገር ገብቶ አያውቅም። ከግብርና የመጡ ባለሙያ አንድ ጊዜ ቅጠሉ ላይ ነጭ ሻጋታ አይተው፣ "አቶ ቀጄላ፣ ይህን ካልረጩ ዘንድሮ ፍሬ አያዩም" ቢሏቸው፣ "እኔ የማልጠጣውን እሱም አይጠጣም" ብለው መለሷቸው። የታመመውን ቅጠል አንድ በአንድ እየለቀሙ ያቃጥሉ፣ አመድ ይነሰንሱ፣ ከጎረቤት እበት በጋሪ እያስመጡ ሥሩን ያለብሱ ነበር። ትሉን ዶሮ ይለቅመው ነበር። ያን ዓመት ፍሬው ግማሽ ሆነ፤ ግማሹ ግን ጥሩ ነበር።

መስከረም ላይ ግንዱን ገርዘው የካቲት ላይ ይለቅማሉ። ከዘለላው ጥሩ ጥሩው በመጀመሪያ ተለይቶ ይደርቅና ለቅዳሴ የሚሆን ዘቢብ ሆኖ ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። የቀረው ይጨመቃል። እርሾ አይገባበትም፣ ስኳር አይገባበትም፤ በራሱ ልጣጭ ይፈላል። በዓመት ሦስት መቶ፣ በጥሩ ዓመት አራት መቶ ጠርሙስ ይወጣው ነበር። ጠርሙሱ ከቆራሌ የሚገዛ ነው፤ ወ/ሮ ተናኘወርቅ በሙቅ ውሃ እያጠቡ ፀሐይ ላይ ይደፉታል። "የላፍቶ ቀይ" ተብሎ በእጅ ይጻፍበታል። የወለደች ሴት ባለችበት ቤት ሁሉ ለደሟ እየተባለ ሳይጠየቅ አንድ ጠርሙስ ይሄድ ነበር። ይህን የመካኒሳና የለቡ ሰው ይመሰክራል።

አሁን ስለ ምድር ቤቱ ልጻፍ።

ወይን ሙቀት አይወድም ስላሉ በ1985 ዓ.ም. ምድር ቤቱ ተቆፈረ። ጥልቀቱ አራት ሜትር፣ መሰላሉ አሥራ አንድ እርከን ነው። በአርባ አንድ ቀን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። አቶ ቀጄላ ፋብሪካ ነበሩ፤ ማታ ማታ መጥተው ያዩ ነበር። በኋላ ሰው ሲጠይቅ "በገዛ እጃቸው የቆፈሩት" ሲባል እየሰሙ ዝም ብለዋል። መተንፈሻ ይሁነው ብዬ ከወለሉ ተነስቶ በጎን በአጥሩ በኩል የሚወጣ ቱቦ የቀበርኩለትም እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት የመጀመሪያው ወይን ፈልቶ ሳለ አንዲት ዶሮ ከአፉ ወደ ውስጥ ወደቀች። ክንፏን እንኳ ሳታራግብ ቀረች። እኔና ወንድሜ ከላይ ሆነን እያየናት ነበር። አቶ ቀጄላ፣ "አየህ፣ ጋሽ አምሐ ያሉት ይህንን ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት አበጀን። ከቤተ ክርስቲያን የተገዛ ጧፍ በጣሳ ውስጥ ይቆማል፤ ጣሳው በሲባጎ ታስሮ እርከን በእርከን ይወርዳል። ጧፉ እስከ ታች ከበራ አቶ ቀጄላ ወገባቸው ላይ ገመድ ታስሮ ይወርዳሉ፤ የገመዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ። ልጣጩን በዱላ ወደ ታች ጫን ጫን አድርገው ያማስሉና ይወጣሉ። ጧፉ ከጠፋ ማንም አይወርድም፤ ክዳኑ ተከፍቶ ይቆያል፤ በጆንያ እናራግባለን፤ ነገ ይታያል። ጠዋትና ማታ፣ ፍላቱ እስኪያልቅ። እኔ ከመካኒሳ ጎማ ጥገናዬን ዘግቼ እየተመላለስኩ ገመድ ይዣለሁ፤ ሠላሳ የየካቲት ወር።

ጣሳውን ከመልቀቃቸው በፊት ሁልጊዜ ያማትቡ ነበር። ልጆቹ ይህን እያዩ ስላደጉ ጧፉ ለበረከት የሚበራ፣ የስለት ነገር መሰላቸው። "አባዬ ወይኑን ሊያስባርክ ነው" ይሉ ነበር። እውነቱን የነገራቸው የለም። ያልተነገራቸውም በምክንያት ነው።

በ1993 ዓ.ም. ጧፉ ታች ደርሶ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልጠፋም። "ይቅርብህ" አልኳቸው። "አልጠፋም እኮ፣ ፈሪ!" ብለውኝ ወረዱ። ታች ደርሰው በርሜሉ ላይ ሲያጎነብሱ ጉልበታቸው ታጠፈ። አልጮሁም፣ ምንም አላሉም፤ ገመዱ ብቻ እጄ ላይ ከበደ። ብቻዬን ጎትቼ አወጣኋቸው። የሁለት እጄ መዳፍ ተላጠ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ፣ ማየት የፈለገ ያያል። ነፍሳቸው መለስ ሲል መጀመሪያ ያሉኝ፣ "ቀስ አትልም ነበር? ትከሻዬን ገነጠልከው" ነው። ለወ/ሮ ተናኘወርቅ ደግሞ፣ "አዳለጠኝ" አሏት። እኔን በዓይናቸው ጠቀሱኝ። እትዬ ተናኘ ካወቀች ምድር ቤቱን በአፈር ታስደፍናለች ብለው ፈርተው ነው። እኔም ሳልናገር ሃያ አራት ዓመት ቆየሁ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ማንም ላይ አልለጥፈውም።

አቶ ቀጄላ በ1996 ዓ.ም. ከፋብሪካው በፈቃዳቸው ለቀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለወይናቸው ሰጡ። ስማቸውም ወጣ። በ2014 ዓ.ም. የካቲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ካሜራ ይዞ መጣ። ግቢው በሰው ተሞላ። ወንድሜ ስለ ግንዱ፣ ስለ አመዱ፣ ስለ ዶሮው ጥሩ አድርገው ተናገሩ። እኔ ገመዱን እንደያዝኩ ከአፉ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጋዜጠኛው ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ "እሳቸውስ? አብረው ነው የሚሠሩት?" አለ። አቶ ቀጄላ ሳቅ ብለው፣ "አይ፣ እሱማ ገመድ ያዥ ነው" አሉ። ሰው ሳቀ። እሁድ በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ መካኒሳ ያለ ደንበኛዬ ሁሉ አየው። ሰኞ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣው ሁሉ "ገመድ ያዥ፣ እንዴት አደርክ?" እያለ ነበር የሚገባው። አሁንም የሚለኝ አለ።

ገመዱን ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት የካቲት አልሄድኩም። ሌላ ቦታ ሰላም እንባባላለን፤ ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። የካቲት ሲገባ ግን እኔ የለሁም። እሳቸውም አልጠሩኝም።

እኔ በሌለሁበት የመጀመሪያ ዓመት ምሥጋና አባቱን ለመርዳት ብሎ፣ "አባዬ፣ ጧፉን ለቤተ ክርስቲያን ተወው፤ ጭሱ ራሱ ለወይኑ አይጠቅምም፤ ይኸው መብራት" ብሎ የስልክ መብራት ማብራት አሳያቸው። ልጁ ክፋት የለበትም። ጧፍ ለማየት የሚበራ መስሎት ነው። የስልክ መብራት አየር ኖረ አልኖረ አይጠፋም፤ ይህን ማን ነገረው? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ፍሬው ትንሽ ስለነበር፣ አንድ በርሜል ብቻ ስለፈላ፣ ምንም ሳይሆኑ ወርደው ወጡ።

ዘንድሮ ሌላ ነበር። ክረምቱ ጥሩ ነበር፣ ውርጭ አልመታም፤ ግንዱ የሚሸከመውን ያህል አፈራ። አራት በርሜል ሞላ፤ በሕይወታቸው አራት በርሜል ሞልቶ አያውቅም። በሌላ በኩል አምና ከጎን የተሠራው ሕንፃ ግድግዳው ሲለሰን ቱቦዬን በሲሚንቶ ደፍኖታል። ደፋኙ ምን እንደሆነ አላወቀም፤ ጠያቂም አልነበረም። እኔ ብኖር አየው ነበር።

ሐሙስ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አቶ ቀጄላ ስልክ ደወሉልኝ። ሦስት ጊዜ። ጎማ እየፈታሁ ነበር ብል ውሸት ነው፤ እጄ ባዶ ነበር። ስማቸውን አየሁና ስልኩን ኮምፕረሰሩ ላይ በፊቱ ደፋሁት። "የካቲት ሲሆን ትዝ አልኩት" አልኩ በሆዴ። ቆይቶ መልእክት ገባ። እሱንም አልከፈትኩትም።

እትዬ ተናኘ እንደነገረችኝ፣ አቶ ቀጄላ ክዳኑን ከፍተው በርጩማ አምጥተው አፉ ላይ ተቀመጡ። ስልኩን እያዩ እስከ አምስት ሰዓት ተኩል ቆዩ። እሷም፣ "ምን ትጠብቃለህ?" ብትላቸው፣ "ለሊሳን" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "አይመጣም። የኮርሳ ልጅ አይደል፣ ልክ እንደ እኔ" ብለው ተነሱ። እሷ ወደ ምግቡ ተመለሰች። የስልኩን መብራት አብርተው በደረት ኪሳቸው አድርገው ወረዱ። ገመዱ ሚስማሩ ላይ ነበር። እኔ ሰቅዬው በሄድኩበት።

ስትጠራቸው አልመለሱም። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤታችን ለታ ደረሰ። እግሩን መሰላሉ ላይ ሲያደርግ እትዬ ተናኘ ከኋላ ኮቱን ይዛ ጎተተችው። ለምን እንደጎተተችው እስካሁን አታውቅም፤ "አንዱ ይበቃኛል" ብላ ጮኸች ብሎኛል ለታ። ኮቱ ባይጠነክር ኖሮ ዛሬ የምንቀብረው ሁለት ሰው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፊታቸውን በጭንብል ሸፍነው፣ አየር ተሸክመው ነው የወረዱት። ሲያወጧቸው ሐኪም የሚሠራው ነገር አልነበረም።

የስልኩ መብራት ግን ደረታቸው ላይ እንደበራ ነበር።

መልእክቱን ያነበብኩት ለታ ደውሎ ከነገረኝ በኋላ፣ ከመካኒሳ በሚኒባስ ስመጣ ነው። እንዲህ ይላል፦ "ለሊሳ ዘንድሮ ብዙ ነው። ብቻዬን አልችለውም። ጧፍ ይዘህ ና።"

ይህንን ደብቄ ሌላውን ብቻ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ሳልጽፈው ግን ሀና አታምነኝም። ሀናዬ፣ "አጎቴ ቂም ይዞ ነው የአባቴ ወይን ኮምጣጤ እንዲሆን የሚፈልገው" ማለትሽን ሰምቻለሁ። ቂም ይዤ ነበር። ያው ውጤቱን እያየሽ ነው። አሁን ግን ስለ ቂም አይደለም የማወራው።

ትናንት ማታ ጧፍ በጣሳ አድርጌ አወረድኩ። አምስተኛው እርከን ላይ ጠፋ። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናንተ ድንኳን ውስጥ ሳላችሁ፣ ደግሜ አወረድኩ። አራተኛው እርከን ላይ ጠፋ። ወደ ላይ እየመጣ ነው ማለት ነው። አራቱም በርሜል እየፈላ ነው፤ ጆሮውን ክዳኑ ላይ ያደረገ ሰው ይሰማዋል፤ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል። አላለቀለትም። በወንድሜም አልቆመም። በዚያ በኩል ዕቃ የሚያጥቡ የእድር ሴቶች ልጆቻቸውን የምድር ቤቱ አፍ ካለበት ክፍል ያርቁ። የክፍሉ በርና መስኮት ክፍት ሆኖ ይዋል፣ ይደር። ክዳኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ሰብሬ እገባለሁ የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ማለፍ አለበት፤ በርጩማውን እዚያው አስቀምጬዋለሁ።

አቶ ቀጄላ ኮርሳ በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው፣ ዛሬ የካቲት 22 ቀን ዘቢባቸው ለአርባ ዓመት ገደማ በተቀደሰበት አጥቢያ አፈር ይለብሳሉ። የአርባ ዓመት የትዳር ጓደኛቸው ወ/ሮ ተናኘወርቅ፣ ልጆቻቸው ሀናና ምሥጋና፣ የልጅ ልጃቸው ናፍቆት፣ እንዲሁም አንድ ወንድም ቀርተዋል። ሥራው ምንድነው ቢባል፣ ገመድ ያዥ ነው ተብሎ ይጻፍ። ሦስት ዓመት ሥራውን ባይለቅ ኖሮ ዛሬ ይህ ወረቀት አይነበብም ነበር።

ወይኑን በተመለከተ የማደርገውን ልናገርና ልጨርስ። ጠዋትና ማታ ጧፍ አወርዳለሁ። ሳምንትም ይፍጅ፣ ወርም ይፍጅ፣ ጧፉ አሥራ አንደኛው እርከን ደርሶ ሳይንቀጠቀጥ የበራ ቀን የምወርደው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አይደለም። ኮምጣጤ ሆኖ ካገኘሁት ኮምጣጤ ይዤላችሁ እወጣለሁ። ወይን ሆኖ ካገኘሁት የመጀመሪያው ጠርሙስ የአባቷ ስም ተጽፎበት ለሀና ነው። ምሥጋና፣ በዚያን ቀን ከላይ ሆነህ ገመዱን የምትይዘው አንተ ነህ። መዳፍህ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው። ከከበደህ አትጠይቀኝ፣ አትጥራኝ፣ ጎትት። ትከሻዬን ብትገነጥለው አልቆጣህም።

እግዚአብሔር የወንድሜን የአቶ ቀጄላን ነፍስ ጧፍ በማይጠፋበት ቦታ ያሳርፍልን። ለእናንተም መጽናናቱን፣ ለእኔም ይቅርታውን ይስጠን። አሜን።